የዝናሽን የብረት ጊታር አልሸጥሁም

ይድረስ ለዝናሽ፤

ዝናዬ፣ ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት አንድ ጣራ ሥር ስንኖር የምንባባለውን ሁሉ በአፋችን ተባባልን፤ ወረቀት አላስፈለገንም። አሁን ግን ከአፈር ጋር ከተውንሽ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ፣ የምነግርሽም ነገር በዛብኝ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ አልልሽም። የእኔን ከጠየቅሽ ግን ደህና ነኝ፤ ትንሽ ከስቻለሁ፣ ትንሽም ሸብቻለሁ። ማስተዋልም ደህና ናት። ጊታርሽም ቤቱ ነው። አልሸጥሁትም። ሌላው ሁሉ ይቆይና ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ ብዬ ነው።

ልጅሽ ስምንተኛ ክፍል ገባች። ቁመቷ አንቺን አልፏል፤ ጥቁሩ ጫማሽ ልክ ሆኗታል፣ እንዳንቺው ተረከዙን ወደ ውጭ እያጣመመች ትጨርሰዋለች። አጥሩ ሥር የተከልሻት ፓፓያ አፍርታለች፤ የመጀመሪያዋን ፍሬ የጎረቤት ፍየል በላት። የማድ ቤቱን ጣራ ደፈንሁት፣ አሁን አያፈስም። ቀበሌ ሱቅ ሰልፉ ያው ነው። ፋብሪካም ያው ነኝ፣ ጠዋት ፈረቃ ስሆን ብስክሌቴን ይዤ ገና ጎሕ ሲቀድ እወጣለሁ። ሐይቁ ዳር ስደርስ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። ለምን እንደምቀንስ ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ ያየሁሽን ቀን ሰሞኑን ደጋግሜ አስባለሁ። ጋሽ ፈንቴ፣ አጎትሽ፣ ያን የብረት ጊታር በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ፋብሪካው ወርክሾፕ ሲመጣ አንቺ ከኋላው ነበርሽ። በንጉሡ ጊዜ ዓባይን ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ጋሽ ፈንቴ የሞተር ጀልባውን ይነዳለት ነበር። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ ጊታሩን ለእሱ ሰጠው። ጋሽ ፈንቴ ምን እንደሚያደርገው ጨነቀው፣ ሰባታሚት ባለው ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፣ አንቺ አወረድሽው። አንድ ቀን ወድቆ ሆዱ ተጨረመተ፤ እሱን አስተካክል ብላችሁ ነው የመጣችሁ።

እኔ ከአንበሳሜ መጥቼ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ እንኳን የብረት ጊታር የእንጨቱንም በቅጡ አላየሁም። መዶሻዬን ሳነሣ እጄን ያዝሽኝ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«የጎደጎደውን ላቃናዋ።»

«በመዶሻ? ይህ እኮ ድስት አይደለም!»

ወርክሾፑ ሙሉ ሳቀብኝ። ብሎኑን ፈትቼ ክዳኑን ባነሣው ውስጡ እንደ ሣህን የተጠፈጠፈ ስስ አሉሚኒየም ተኝቷል፤ በጣት ቢጫኑት የሚጎብጥ። ያኔ ገባኝ። ድምፁ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ያን የሠራ ሰው እጁ ምን ያህል የለሰለሰ ነበር ብዬ ተገረምሁ። በጨርቅ በጠቀለልሁት እንጨት ከውስጥ ቀስ እያልሁ ገፍቼ አቃናሁልሽ። አንቺም እዚያው ሣጥን ላይ ተቀመጥሽና ጭንሽ ላይ አጋድመሽ፣ በአንድ እጅሽ እየነካሽ በሌላው የጠርሙስ አንገት ሽቦው ላይ እያንሸራተትሽ ሞከርሽው። ማሽኖቹ እየጮሁ ነበር። ቢሆንም ተሰማ። ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ምንም፣ ያን ሁሉ ጩኸት ሰንጥቆ ወጣ። ሲነኩት እንደ ደወል ይጠራል፤ ከዚያ ወዲያ አይሞትም፣ ይንሸራተታል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ሥራ የፈታሁበትን ሰዓት አለቃዬ መዘገበብኝ።

በሳምንቱ ከተጣለ የማሽን ዘንግ ቆርጬ፣ እንደ መስተዋት ወልውዬ፣ የምታንሸራትችበትን ብረት ሠራሁልሽ። ከሽማግሌም ከቀለበትም በፊት የሰጠሁሽ እሱን ነው። ሽቦ ሲበጠስ ከብስክሌት ፍሬን ገመድ አንድ አንዱን ክር እየፈታን እንወጥርለት ነበር። ፈረንጁ ቢያይ ምን ይል ይሆን እያልሽ ትስቂ ነበር።

አባትሽ ግን አልሳቁም። መሪጌታ ይትባረክን የሚያህል የዜማ መምህር ልጅ፣ ያውም ሴት ልጅ፣ ጭኗ ላይ የፈረንጅ ብረት አጋድማ ስትዘፍን! «ዘፈን ከቤቴ አይገባም» አሉ፣ አንቺም ጊታርሽን ይዘሽ ወጣሽ። ከተጋባን በኋላ ለዓመት በዓል አንቺ ወደሳቸው ትሄጃለሽ፤ እሳቸው ወደኛ አይመጡም። ያን ቀን ግን ትዝ ይልሻል? እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቱን ከፍተሽ ስትጫወቺ አጥሩ ጋ ቆመው አገኘናቸው። በመቋሚያቸው ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ።

«ይህ ሂደት ነው» አሉሽ። በዜማ ምልክት ድምፁ ሳይቆረጥ የሚፈስበትን ማለታቸው ነው። «ቀጥሎም ድምፁን አንቀጥቅጠሽ ርክርክ አደረግሽ። ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ» አልሻቸው።

መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ። አንቺም ያን ቀን ደግመሽ አልነካሽውም። እኔም ብስክሌቴን ስጠግን አመሸሁ።

ከዚያ ጊዜው ተለወጠ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ኪነት ቡድን ሲያቋቁም አንቺን አስጠራሽ። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ አዳራሽ ሄድሽ። ሰልፍ ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ «ጓድ ዝናሽ፣ ይህ ድምፅ ያስለቅሳል። የቀብር ድምፅ ነው። ሰው ወደፊት የሚራመድበት ነገር ምቺልን» አለሽ ሊቀመንበሩ። አንቺም ቁጭ ባልሽበት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህ ጊታር መንሸራተት እንጂ መርገጥ አያውቅም» አልሽው።

ያን ቀን ተናድጄብሽ ነበር፣ ዛሬ ልንገርሽ። ሰው በትንሽ ነገር በሚታሰርበት ዘመን ምን አስባ ነው ብዬ። ከመድረክ አወረዱሽ፣ በስብሰባ ስምሽ ተነሣ፣ የስኳር ካርዳችን ሦስት ወር ተያዘ። ሻይሽን ያለ ስኳር እየጠጣሽ «እንዲያውም እንዲህ ይሻላል፣ የሻዩ ጣዕም ይታወቃል» ትዪ ነበር። ፊትሽ ግን ይጨማደድ ነበር። ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ዋርካው ሥር ተቀምጠሽ መጫወት ጀመርሽ። ሰው መጣ። አሣ አጥማጁም፣ ከፋብሪካ የወጣውም፣ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰውም። «ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስበሻል» ብለው ሲጠሩሽ «እኔ አልሰበሰብሁም፣ ራሳቸው መጡ» አልሽ። እንደገና ቢከለክሉሽ መስኮት ከፍተሽ ቤትሽ ሆነሽ ተጫወትሽ።

ስለ ሕመምሽ ብዙ አልጽፍም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል፣ ከባድ ነገር አትያዢ ሲልሽ እኔ መጀመሪያ ያየሁት ጊታሩን ነው። ብረት ነዋ! «አስቀምጪው፣ ልብሽን ይጎዳል» ብልሽ፣ «የማስቀምጠው ጭኔ ላይ ነው እንጂ ልቤ ላይ አይደለም» አልሽኝ። ሰዎች ስለ ጊታሩ ምን ተናዝዛ ሞተች እያሉ ይጠይቁኛል። ምንም አልተናዘዝሽም። የመጨረሻው ቀን የነገርሽኝ ለማስተዋል የዝናብ ጫማ እንድገዛላት ነው። ገዝቻለሁ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልምጣ።

አምና ኅዳር ላይ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ፤ አቶ ዮናስ ይባላል። አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ እየፈለገ ይገዛል፣ ውጭ አገር ላሉ ሰብሳቢዎች ይልካል። አንድ ጊዜ ዋርካው ሥር ስትጫወቺ የሰማ ሰው ነግሮት ነው። ደላላ ነው ብዬ ከበር ልመልሰው ነበር። ጊታሩን ከመንካቱ በፊት ግን ውኃ ለምኖ እጁን ታጠበ። እሱን ሳይ አስገባሁት።

ባትሪ አብርቶ በቀዳዳዎቹ ውስጡን አየ። ጫፉ ላይ የተመታችውን ቁጥር በጣቱ ዳሰሰ። አንዴ ነካው፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ አንገቱን አዘንብሎ ቆየ።

«ይህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ።

«የሚስቴ ጊታር ነው።»

«እሱስ ነው» አለና አስረዳኝ። እነዚህ የብረት ጊታሮች የተሠሩት የድምፅ ማጉያ ገና ሳይስፋፋ፣ ጊታር በትልቅ አዳራሽ እንዲሰማ ተብሎ ነው። ያ ስስ አሉሚኒየም በሰው እጅ እየተሽከረከረ ነው ቅርጽ የያዘው። ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ብረቱ ለመሣሪያ ተፈለገና መሥራቱ ቆመ። በኋላ ሊሠሩት ሞክረዋል፤ አሉሚኒየሙ ወፍራም ሆነ፣ ድምፁ እንደ ድሮው አልመጣም። ለብዙ ዘመን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም፣ በየምድር ቤቱ ተጥለው ነበር። ፈላጊዎቹ አሁን ነው የነቁት። «ፈላጊው በየዓመቱ ይበዛል፤ ጊታሮቹ ግን አይበዙም» አለኝ። ከዚያ ዋጋ ጠራልኝ። ዝናዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ደሞዜን ሳልነካ ባስቀምጠው አይደርስበትም።

«የሚገዙት ሰዎች ይጫወቱበታል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሰውዬው አይዋሽም። «አንዳንዶቹ። ብዙዎቹ በመስታወት ሣጥን ያስቀምጡታል» አለ።

እስከ ነገ አስብበታለሁ አልሁት። አንቺን መዋሸት አልችልም፤ ልቤ አመንትቷል። እህቴ መጥታ «የሞተ ሰው ዕቃ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ ልጅ ታስርባለህ?» አለችኝ። ማስተዋልን አስተምሬ፣ ጣራውን ሁሉ ቀይሬ፣ ለአንቺም መቃብር ላይ ደህና ድንጋይ አቁሜ ብዬ አሰላሁ። ጠዋት አቶ ዮናስ ወዳረፈበት ሆቴል ልሄድ ስዘጋጅ ማስተዋል ደብተሯን ይዛ በር ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ ስትሸጠው ብረቷን ለኔ አስቀርልኝ» አለችኝ። እኔ የወለወልኋትን፣ ያንቺ ጣት ያረፈባትን።

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ትምህርቷ ረፍዶባት ሮጠች። እኔም ሆቴል ሄጄ አቶ ዮናስን «አይሸጥም» አልሁት። አላመነኝም፤ ዋጋ የምጨምርበት መሰለው። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ ዋጋው አይደለም» ብዬ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። ከሆቴሉ እስከ ፋሲሎ ሰፈር ድረስ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አቶ ዮናስ ቤታችንን ሲፈልግ ቀበሌ ሱቅ ጠይቆ ስለነበር ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ገባ። በሳምንቱ አስጠራኝ። ያው ሊቀመንበር ነው፣ ያው ጠረጴዛ።

«ያ ጊታር የውጭ ዜጋ ንብረት ነበር። የውጭ ዜጋ ጥሎት የሄደ ንብረት የመንግሥት ነው። ነገ ታስረክባለህ።»

«ጥሎት አልሄደም፣ ሰጥቶት ነው የሄደው። ጋሽ ፈንቴ ሰባታሚት አለ፣ ጠይቀው።»

«ወረቀት አለህ?»

«ሰው አለ እያልሁህ ነው።»

«ወረቀት ነው የጠየቅሁህ።»

ዝናዬ፣ እኔ ተናጋሪ ሰው እንዳልሆንሁ ታውቂያለሽ። በስብሰባ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን አፌ ራሱ ተናገረ። «ሚስቴ በሕይወት እያለች የቀብር ድምፅ ነው ብለህ ከመድረክ አወረድኸው። ዛሬ ፈረንጅ የሚሰጠውን ዋጋ ስትሰማ ነው የመንግሥት የሆነ? አላስረክብም።»

እዚያው አስቀሩኝ። ከቢሮው ጀርባ ድሮ እህል የሚቀመጥበት ክፍል አለ፤ እሱ ውስጥ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ቢሮ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አሁን ቤት ሄደው ይወስዱታል፣ ማስተዋል ብቻዋን ናት እያልሁ ስብሰለሰል ዋልሁ። ፈርቻለሁ፤ ፈርቶ አያውቅም ብለሽ እንዳትኮሪብኝ። ግን አስረክባለሁ ብዬ በሩን አልደበደብሁም።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ቢሮው ውስጥ መቋሚያ መሬት ሲነካ ሰማሁ። ድምፁን ለየሁት። አባትሽ!

ቤታችን ተፈትሾ ጊታሩ አልተገኘም ነበር። አንድ ሰው መሪጌታ እኔ በተያዝሁበት ምሽት አንድ ነገር ጠቅልለው ከደጃችን ሲሄዱ አየሁ ብሎ ተናግሯል።

«መሪጌታ፣ ዕቃው የት እንዳለ ያውቃሉ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«የት ነው?»

«አውቃለሁ አልሁህ እንጂ እነግርሃለሁ አላልሁህም፣ ልጄ።»

እጄን አፌ ላይ ጫንሁ።

«እርስዎ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነዎት። ዘፈን ለእርስዎ ምንዎ ነው? ከቤትዎ አስወጥተዋት አልነበረም እንዴ?»

አባትሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መለሱ። «አስወጥቻት ነበር። እሱ የእኔና የልጄ ጉዳይ ነው። እኔ እዚያ ስደርስ ከእሷ ጋር እነጋገርበታለሁ። አንተ በመካከላችን ምን ትሠራለህ?»

«ላስርዎት እችላለሁ።»

«ትችላለህ። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ብዙ ጊዜ የለኝም። ካሰርህ ቶሎ ብለህ እሰር።»

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አቆያቸው። ደጁ ላይ ምን እንደነበር በኋላ ነው ማስተዋል የነገረችኝ። መጀመሪያ ሦስት ተማሪዎቻቸው መጥተው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ እናቶች መጡ። አንዲት ቃል አልጮኹም፣ አልለመኑም። ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ፣ ቁጥራቸው እየጨመረ ሄደ። የቀበሌው ካድሬ ወጥቶ «ተበተኑ፣ ስብሰባ ክልክል ነው» ቢላቸው አንዲት እናት «ስብሰባ አይደለም፣ መሪጌታን እየጠበቅን ነው» አለችው። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ አባትሽን ለቀቃቸው። የተቀመጡት አሥር ይሁኑ ሠላሳ አላውቅም፤ ማስተዋል በየጊዜው ትጨምራቸዋለች።

እኔን ዐሥራ ዘጠኝ ቀን አቆየኝ። በየጠዋቱ «ወሰንህ?» ይለኛል። «ወስኛለሁ» እለዋለሁ፣ በሩ መልሶ ይዘጋል። በሃያኛው ቀን ምንም ሳይሉ ከፈቱልኝ። ይቅርታም የለ፣ ማስጠንቀቂያም የለ። በመጋቢት ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ ቦታ ተቀየረ። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ጊታርሽ የት እንደነበረ ልንገርሽ? ማስተዋል ደጅ ላይ አቀብላቸው፣ አባትሽ በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው፣ በዚያው ሌሊት የሚያውቁት ባለ ታንኳ ዘንድ ሄደው፣ ሐይቁን ተሻግረው ደሴቱ ላይ ወዳለው ገዳም ወስደውታል። ዕቃ ቤት ውስጥ ከከበሮውና ከጸናጽሉ ጎን አስቀምጠውታል። አንቺ ሴት ስለሆንሽ እግርሽ ያልረገጠውን ገዳም ጊታርሽ ገባው። ለመነኮሳቱ ምን እንዳሏቸው ስጠይቃቸው «የልጄ ዕቃ ነው አልኋቸው» ብቻ አሉኝ። ከዚያ በላይ አልነገሩኝም።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ይዘውት መጡ። ከተጋባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በራችንን አልፈው ገቡ፣ ዝናዬ። ከአንቺ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ብለው ተዉት፣ መደቡ ላይ ተቀመጡ። የሐይቁ ርጥበት ሽቦዎቹን አዝጓቸው ነበር፤ ከፍሬን ገመድ አዲስ ፈትቼ ወጠርሁላቸው። ማስተዋል ጭኗ ላይ አጋደመችው። ለካ እኔ ፋብሪካ ስውል ስትነካካው ኖራለች! አንቺ ትወጅው የነበረውን፣ በባቲ ቅኝት የምትጀምሪውን ጀመረች። ብረቷ ታዳልጣታለች፣ አልፎ አልፎም ሽቦው ላይ ትንኳኳባታለች። አባትሽ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። መሀል ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እዚህ ላይ ቸኮልሽ። እናትሽ እዚህ ላይ ትዘገይ ነበር።»

እኔና ማስተዋል ተያየን። አንዲት እሑድ ብቻ አጥሩ ጋ የቆሙ መስሎን ነበር። ስንት እሑድ ነው የቆሙት? አልጠየቅኋቸውም። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እንደገና» አሏት፣ እሷም ደገመችው። አሁን በየሳምንቱ ይመጣሉ። ስትሳሳት ይቆጧታል፤ ሂደቱን በጣታቸው አየር ላይ እየሳሉ ያሳዩአታል። «ይህ ዜማ አይደለም፣ ዘፈን ነው» ማለታቸውን አልተዉም። ግን ይመጣሉ።

አቶ ዮናስም ባለፈው ወር ተመልሶ መጣ። ዋጋው በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የውስጡ አሉሚኒየም ያልተቀየረ በአገራችን ሌላ አላየሁም፣ አለኝ። ያኔ ማስተዋል ከትምህርት ቤት ተመልሳ እየተጫወተች ስለነበር ቆሞ ሰማት። «ይህ ቅኝት፣ እነዚህ ደግሞ የፍሬን ሽቦዎች! ጊታሩ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም። የሠሩትም ሰዎች የሰሙት አይመስለኝም» አለ። ከዚያ ስለ ዋጋ ያወራው በለሆሳስ ነበር፣ እንደማልሸጥለት የገባው ይመስለኛል።

«ገና ይወጣል እኮ፣ ዋጋው» አለኝ ሲሰናበት።

«ይውጣ!» አልሁት። «እስከፈለገው ይውጣ።»

ከቦርሳው አንድ እሽግ እውነተኛ የጊታር ሽቦ አውጥቶ ለማስተዋል ሰጣትና ሄደ። ደህና ሰው ነው። ብቻ እሱ የሚያውቀው የጊታሩን ዋጋ ነው፣ እኔ ደግሞ ባለቤቱን አውቃለሁ።

ዛሬ የጻፍሁልሽም በዚሁ ነገር ነው። አዲሱ ሊቀመንበር ወጣት ነው፤ ያለፈው ክርክር በመዝገብ ይዘጋ፣ ዕቃው በስም ይመዝገብ ብሎ አስጠራኝ። ጸሐፊው ቅጽ ሰጠኝ። «የንብረቱ ባለቤት» በሚለው ላይ ዝናሽ ይትባረክ ብዬ ጻፍሁ።

ጸሐፊው አነበበና፣ «ሟች እኮ ናት። ሟች ንብረት አይኖራትም፣ የራስህን ስም ጻፍ። ባለቤቷ አንተ አይደለህ?» አለኝ።

«የእሷ ባለቤት እኔ ነኝ። የጊታሩ ባለቤት እሷ ናት» አልሁት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሰርዘው» አለኝ። አልሰርዝም አልሁት። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ጸሐፊው ወደ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባ፣ ቆየ፣ ተመልሶ መጣ። ፊቴን ሳያይ ማኅተሙን አነሣና ስምሽ ላይ መታው።

መዝገቡ በየዓመቱ ይታደሳል ብለውኛል። ይታደስ። በየዓመቱ እሄዳለሁ፣ ስምሽን ከነአባትሽ እጽፈዋለሁ። አልረሳሽም ማለት ለኔ ይህ ነው። ማልቀሱን አልቅሼዋለሁ፤ ከእንግዲህ ስምሽን በሰው ፊት እጠራለሁ፣ በወረቀት ላይ አሰፍራለሁ፣ ልጅሽም መስኮት ከፍታ ትጫወታለች። የሚሰርዘው ቢመጣ በማግሥቱ ተመልሼ እጽፈዋለሁ። የኔ እጅ የደከመ ቀን የማስተዋል እጅ አለ።

ባለቤትሽ፣
አለምነህ